በጥርሴ የፈታሁት ቋጠሮ

ደንገል እርጥብ ሳለ የጭቃና የዓሣ ሽታ አለው። ሲደርቅ ግን ሽታው ይለወጣል፤ ፀሐይ ላይ የዋለ አዲስ ሰሌን ይሸታል። ባለፈው ወር የመጀመሪያውን መንፈቅ ዓመት ፈተና ጨርሼ ለእረፍት ወደ ባሕር ዳር ስመለስ፣ የተሳፈርሁበት ባጃጅ ወደ ሐይቁ ዳር ሲታጠፍ ይህ የደረቅ ደንገል ሽታ ድንገት መጣብኝ።

“እዚህ አውርደኝ” አልሁት ሹፌሩን።

“ቤትሽ ገና እኮ ነው እህቴ። ሻንጣውስ?”

“ግድ የለም፣ እሸከመዋለሁ።”

ሻንጣዬን መሬት ላይ አስቀምጬ ቆምሁ። ያ ሽታ ሁልጊዜ የሚያመጣብኝ አንድ ወቅት ነው፤ አራተኛ ክፍል የነበርሁበትን ዓመት፣ ከጥምቀት እስከ ፋሲካ ያለውን በጋ።

ያን ጊዜ የምንኖረው ከሐይቁ ብዙ በማይርቅ የኪራይ ቤት ነበር። እናቴ ፋብሪካ ውስጥ በፈረቃ ትሠራለች። አባቴ መራዊ ያስተምር ስለ ነበር የሚመጣው ቅዳሜ ቅዳሜ ብቻ ነው። ስለዚህ የቀረው ቀን የእኔና የከድጃ ነበር።

ከድጃ የጎረቤታችን የጋሽ ኡስማን ልጅ ናት። ትምህርት ቤት አንድ ዴስክ ላይ ነበር የምንቀመጠው፤ እሷ በመስኮቱ በኩል፣ እኔ በመተላለፊያው በኩል። አባቷ ዓሣ ያጠምዳሉ፤ የሚያጠምዱበትንም ታንኳ ደንገል አድርቀው፣ በጥቅል በጥቅል አስረው ራሳቸው ይሠራሉ። ጎህ ሲቀድ ወጥተው መረባቸውን አንሥተው ሲመለሱ ከድጃ ዳር ላይ ትጠብቃቸዋለች። እርሳቸው ዓሣውን ተሸክመው ወደ መንገዱ ሲወጡ፣ እሷ ታንኳውን ከትልቁ ሾላ ሥር ጋር ታስራለች። ታንኳ ውሃ ከጠጣ በኋላ ዳር ወጥቶ ፀሐይ ካልመታው ይበሰብሳል፤ እርጥቡን ጎትቶ ማውጣት ግን የልጅ ጉልበት አይችለውም። አባቷ ዓሣውን አስረክበው እስኪመለሱ ድረስ ታንኳው የሚቆየው በከድጃ ቋጠሮ ነበር።

በዚያ ቋጠሮ እንዴት ትኮራ ነበር!

“ይቺን ንፋስ አይፈታትም” ትለኝ ነበር፣ ገመዱን ጠበቅ አድርጋ እየሳበች። “ሰው ካልፈታት በቀር።”

እኔ በዚያ ዕድሜዬ የጫማዬን ክር እንኳ የምታስርልኝ እናቴ ነበረች።

ከጥምቀት በኋላ ባለው ሳምንት ከድጃ በታንኳው እስከ ደንገሉ ጫካ ድረስ እንደምትወስደኝ ቃል ገባችልኝ። አባቷን ለምና አስፈቅዳለች። ቅዳሜ እስኪደርስ ቀን ስቆጥር ሰነበትሁ። ቅዳሜ ዕለት ንጹሕ ቀሚሴን ለብሼ ዳር ስደርስ ግን ታንኳው ከዳር ርቋል። ጋሽ ኡስማን ከኋላ ይቀዝፋሉ፤ ከፊታቸው ከድጃና የባለ ሱቋ ልጅ ሰብለ ተቀምጠዋል።

“ከድጃ! እኔስ?” ብዬ ጮህሁ።

“አንቺን ሌላ ቀን!”

“ዛሬ ነው ያልሽኝ!”

“አንቺ ትከብጃለሽ! ታሰምጭናለሽ!” አለችኝና ሁለቱም ተሳሳቁ። ሳቃቸው በውሃው ላይ እየተንሸራተተ እስከ እግሬ ድረስ መጣ።

ዛሬ ሳስበው ቀልድ ነበር፤ ያውም ሰብለን ለማሳቅ የተባለ። ያን ዕለት ግን ቤት ገብቼ ምሳ አልበላሁም። እናቴ አሞኝ መስሏት ግንባሬን ዳበሰች።

ሰኞ ጧት ወደ ትምህርት ቤት ስሄድ በሾላው በኩል አለፍሁ። ከድጃ ታንኳውን አስራ ደብተሯን ልታመጣ ወደ ቤት ስትሮጥ አየኋት። ዳሩ ላይ ሰው የለም። ሐሳቤ ትንሽ ነበር። ታንኳው ጥቂት እርምጃ ፈቀቅ ይላል፤ ጋሽ ኡስማን “ምነው አላሰርሽም?” ብለው ይቆጧታል፤ በቃ። ከትምህርት ቤት ስንመለስ ንፋሱ ሁልጊዜ ከሐይቁ ወደ እኛ እየነፈሰ ፊታችንን ይመታን ስለ ነበር፣ ሐይቁ የተጣለበትን ሁሉ ወደ ዳር የሚመልስ ይመስለኝ ነበር። ጧት ጧት ንፋሱ ተገላብጦ ከዳር ወደ ውሃው እንደሚሄድ አላውቅም ነበር።

ቋጠሮው በጣቴ እንቢ አለኝ። ጥፍሬ ተሰበረ። ያን ጊዜ ተንበርክኬ በጥርሴ ያዝሁት። የገመዱ ጣዕም ዛሬም አፌ ውስጥ አለ፤ ጭቃ፣ ዓሣ፣ ትንሽም ጨው ጨው የሚል ነገር። ሲለቅ ታንኳው እንዳፈረ ሰው ወደ ኋላ፣ ወደ ኋላ አለ። ቆሜ አየሁት። የትምህርት ቤቱ ደወል ሲደወል ሮጥሁ።

ስንመለስ ዳሩ በሰው ተሞልቷል። ጋሽ ኡስማን መቅዘፊያቸውን እንደ ምርኩዝ ተደግፈው ውሃውን ይመለከታሉ። አንድ ደንገል ቆራጭ “ወደ ዓባይ አፍ ሲገባ አይቸዋለሁ፤ ከዚያ ወዲያ ማን ይደርስበታል?” ይላል። ከድጃ ይህን ስትሰማ ደብተሯን ጥላ ወደ አባቷ ሮጠች።

“አስሬዋለሁ አባ! ወላሂ አስሬዋለሁ!”

“በአላህ ስም አትማይ! ብታስሪው የት ይሄዳል? ንፋስ ቋጠሮ ይፈታል?”

“ይታይሽ አይታኛለች!” አለችና ዞራ ክንዴን ያዘች። “ጧት ሳስር አይታኛለች። ንገሪያቸው እንጂ! አላየሽኝም?”

ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ምላሴ ላይ ገና የገመዱ ጣዕም ነበር።

“አላየሁም” አልሁ።

ከድጃ ክንዴን ቀስ ብላ ለቀቀችው። ጋሽ ኡስማን አልመቷትም፤ ሲናገሩም አልጮሁም። “ማሰር ያላወቀች እጅ ትሥራ” ብቻ አሉ። አዲስ ታንኳ እስኪሠራ ድረስ እርሳቸው ደንገል ሊቆርጡ፣ እሷ ልታሰጣና ልታገላብጥ፣ ከትምህርት ቤት ልትቀር ተወሰነ ማለት ነው።

በማግሥቱ በመስኮቱ በኩል ያለው ቦታ ባዶ ሆነ። መምህራችን ስም ሲጠሩ “ከድጃ ኡስማን” ብለው ቀና ይሉና እኔን ያያሉ።

“ጎረቤትሽ አይደለችም እንዴ? ለምንድን ነው የቀረች?”

“አላውቅም።”

ማታ እናቴ ራት እያቀረበች “የዚያን ምስኪን ሰውዬ ታንኳ ማን ፈታው ይሆን? መቼም ልጅቱ አታስርም አይባልም” አለች።

“እንጃ” አልሁ።

እንዲህ እያልሁ ሦስት ጊዜ ካድሁ። በሰሙነ ሕማማት የጴጥሮስ ታሪክ ሲነበብ እስከ ዛሬ ድረስ አንገቴን የምደፋው ለዚህ ነው።

በዚያው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እንደ ልማዳችን መስቀል ልንሳለም ተሰለፍን። የንስሐ አባታችን መምሬ ተገኘ ናቸው፤ ቀጭን፣ ሳል የማይለያቸው፣ እየሳሉም የሚቀልዱ ሽማግሌ። መስቀሉን ግንባሬ ላይ አሳርፈው ሁልጊዜ የሚሉትን አሉ።

“እግዚአብሔር ይፍታሽ።”

ይህን ቃል መቶ ጊዜ ሰምቸዋለሁ። ሰምቸው ግን አላውቅም ነበር። ያን ዕለት ቃሉ ጆሮዬ ውስጥ ገብቶ ቀረ። እኔ ታንኳውን ፈታሁ፤ እግዚአብሔር ደግሞ እኔን ይፈታል! ከምን እንደሚፈታኝ ባላውቅም ወዴት እንደምሄድ አውቃለሁ፤ ወደ ኋላ፣ ወደ ኋላ እያልሁ ወደ ዓባይ አፍ። መምሬ ሁሉን አውቀው የፈረዱብኝ መሰለኝ።

ቤት ስደርስ አንገቴ ላይ ያለውን ማተብ እንዳይፈታ ቋጠርሁት። አንዱ ስላላስተማመነኝ ሁለተኛ ጨመርሁ፤ ከዚያም ሦስተኛ። ማሰር ስለማልችል ቋጠሮው ሳይሆን እብጠት ሆነ። እናቴ ጸጉሬን ስትሠራ ጣቷ እሱ ላይ አረፈ።

“ይህ ደግሞ ምንድን ነው?”

“እንዳይፈታ ነው።”

“ማን ይፈታዋል?”

በተከታዩ እሑድ ሆዴን አመመኝ አልሁ። በሦስተኛውም እሑድ እንዲሁ። ከመስቀል የሸሸሁት እንዲህ ነው።

መስቀሉ ግን ቤት ድረስ መጣ። በወሩ የማርያም ዕለት መምሬ ተገኘ ጠበል ሊረጩ መጡ። ጸልየው ጨርሰው፣ እናቴን አሳልመው፣ “ነይ እስቲ ይታይሽ” ሲሉኝ ከአልጋው ጀርባ ገባሁ።

“ምን ሆነሻል?” አለች እናቴ ፊቷ በሐፍረት ቀልቶ። “ከመስቀል የሚሸሽ ሰይጣን ነው! ውጭ!”

“አልወጣም!”

“አባ፣ ይቅር ይበሉኝ፤ ይህች ልጅ ሰሞኑን እንጃላት…” ብላ ክንዴን ስባ አወጣችኝ። መስቀሉ ወደ ግንባሬ ሲቀርብ ፊቴን በሁለት እጄ ሸፍኜ ጮህሁ።

“አይፍቱኝ! አባ፣ በማርያም አይፍቱኝ!”

መምሬ እጃቸው በአየር ላይ ቀረ። መጀመሪያ ሳቁ፤ ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠ፤ ሳሉ ሲያልፍ ግን ፊቴን አዩና አልሳቁም። በርጩማው ላይ ቁጭ ብለው ከቁመቴ ተካከሉ።

“እሺ፣ አልፈታሽም” አሉኝ። “ግን ብፈታሽ ወዴት ትሄጃለሽ?”

“ወደ ዓባይ።”

“ማን ሄዶ አየሽ?”

“ታንኳው።”

ከዚያ በኋላ ሁሉም ወጣ፤ ሾላው፣ ጥፍሬ፣ ጥርሴ፣ “አላየሁም” ያልሁት። እናቴ ጆሮዬን ልትጨመድድ ስትነሣ መምሬ በመስቀላቸው ከለከሏት።

“ተይ ወለተ ሥላሴ” አሏት በክርስትና ስሟ። ወደ እኔም ዞረው፣ “ልጄ፣ ይፍታሽ የምልሽ እኮ እንደ ታንኳ እንድትጠፊ አይደለም። ከታሰርሽበት እንዲፈታሽ ነው። አንቺ ታንኳውን ፈታሽ እንጂ ራስሽን አሰርሽ። ሁለት እሑድ ከመስቀል ያራቀሽ፣ ዛሬም ከአልጋ ጀርባ ያሰረሽ ምን መሰለሽ? ስምሽ ይታይሽ ነው፤ አሁን ታየሽ?”

እፎይ አልሁ። ግንባሬን ወደ መስቀሉ አቀረብሁ። “እንግዲያው ይፍቱኝ አባ።”

መምሬ መስቀሉን ወደ ኋላ መለሱት።

“አሁን አይሆንም።”

“ምነው?”

“መስቀሉ የትም አይሄድም፤ እዚሁ ነው። መጀመሪያ ወደ ጋሽ ኡስማን ሂጂ። እግዚአብሔር ይቅር ሲልሽ ታንኳው ከዓባይ ተመልሶ አይመጣም። ይቅርታው የእርሱ ነው፤ ታንኳው ግን የሰውዬው ነው። የልጅቱም ስም አለ።”

እናቴ ነጠላዋን አነሣች። “እኔ ልሂድላት አባ። እኔ እግራቸው ላይ ወድቄ ልለምንላት። ልጅ ናት፣ ምን ታውቃለች?”

“በአንቺ ጥርስ አይደለም የፈታችው” አሏት።

መምሬ እስከ መንገዱ ማጠፊያ ድረስ እየሳሉ ሸኙኝ። እዚያ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብለው “እዚህ ነኝ” አሉኝ። ከዚያ በኋላ ያለው መንገድ ከሃምሳ እርምጃ አይበልጥም፤ በሕይወቴ ግን ያን ያህል ረጅም መንገድ ገና አልሄድሁም።

የጋሽ ኡስማን ግቢ ሙሉውን ደንገል ተሰጥቶበት ነበር። ከድጃ ጎንበስ ብላ ታገላብጣለች፤ አየችኝና ጀርባዋን ሰጠችኝ። ጋሽ ኡስማን ገመድ ይገምዳሉ።

“ጋሽ ኡስማን” አልሁ። “ታንኳውን የፈታሁት እኔ ነኝ።”

እጃቸው ቆመ። ከድጃ ቀና አለች።

“አንቺ?”

“እኔ። ከድጃ አስራው ነበር። ‘ሳስር አይታኛለች’ ያለችውም እውነት ነው። አይቻታለሁ።”

ይመቱኛል ብዬ ትከሻዬን አጥብቄ ነበር። ከዚያ የሚገምዱትን ገመድ ጫፍ አነሡና ያልጠበቅሁትን ነገር ጠየቁኝ።

“እንዴት አድርገሽ ፈታሽው?”

“በእጄ እንቢ አለኝ።”

“ከዚያስ?”

“በጥርሴ።”

ጋሽ ኡስማን ወደ ልጃቸው ዞሩ። ሽማግሌ ሰው ሲያፍር ያየሁት ያን ዕለት የመጀመሪያዬ ነው። “ሰማሽ ከድጃ? በጥርሷ ነው የፈታችው። ቋጠሮሽ ደህና ነበር። እኔ ነኝ የበደልሁሽ” አሏት። ከድጃ ሦስት ሳምንት ሙሉ የያዘችውን ለቅሶ እዚያ ደንገል ላይ ተቀምጣ ለቀቀችው። ከዚያ ተነሥታ እየሮጠች መጥታ ደረቴን ገፋችኝ፤ ደንገሉ ላይ ወደቅሁ።

“ውሻ!” አለችኝ። “ገመድ በጥርሷ የምትበላ ውሻ!”

“ተዪ” አሏት አባቷ፤ ያን ያህል ግን አልተቆጧትም። ወደ እኔም ዞረው፣ “ቄሳችሁ ናቸው የላኩሽ?”

“አዎን።”

“ምን በይ አሉሽ?”

“ሂጂ ብቻ ነው ያሉኝ።”

“ደግ ሰው ናቸው” አሉ። “እኔ አፉ ብዬሻለሁ። ደንገሉ ግን አፉ አይልም። ነገ ከድጃ ትምህርት ቤት ትሄዳለች፤ አንቺ ከትምህርት መልስ እየመጣሽ ታገላብጫለሽ። ታንኳው እስኪንሳፈፍ ድረስ።”

ስመለስ መምሬ ድንጋዩ ላይ እንቅልፍ ወስዷቸው ነበር።

ከዚያ በኋላ ያሉት ቀኖች ናቸው በዚህ ሽታ የሚመለሱብኝ። ከትምህርት ቤት መጥቼ ደንገሉን አንድ በአንድ እገለብጠዋለሁ፤ ፀሐይ ያየው ወገን ቢጫ፣ ያላየው ገና አረንጓዴ ነው። ጠርዙ ጣቴን እንደ ወረቀት ይቆርጠኛል። አንድ ቀን ከዘንዘልማ የመጡ ሴቶች ቆመው “ይህች የማን ልጅ ናት?” ብለው ሲጠይቁ፣ ጋሽ ኡስማን “የኔው ናት፤ ለጊዜው” አሏቸው። በዚያች “ለጊዜው” ደስ ብሎኝ ዋልሁ። አባቴ ቅዳሜ ከመራዊ ሲመጣ እናቴ ነገረችው፤ መጥቶ ሲያየኝ ዋለና ሲመሽ እጄን ይዞ ወሰደኝ።

ከድጃ ወደ ክፍል ተመለሰች። ወደ እኔ ዴስክ ግን አልተመለሰችም፤ ከሰብለ አጠገብ ተቀመጠች። ይህ ነገር ገርሞኝ ነበር። እውነቱን ከተናገርሁ፣ ጋሽ ኡስማንም አፉ ካሉኝ፣ ሁሉም ወደ ነበረበት ይመለሳል ብዬ አስቤ ነበር። ለመምሬ ይህን ስነግራቸው፣ “እሷን ቸኩይ ማለት አትችይም። የአንቺ ድርሻ ደንገሉን መገልበጥ ነው” አሉኝ።

ለሆሳዕና ዋዜማ ታንኳው ተሠርቶ አለቀ። ጋሽ ኡስማን ጉልበታቸውን አስደግፈው እያንዳንዱን ጥቅል ሲያጠብቁ ገመዱን የያዝሁላቸው እኔ ነኝ። ውሃ ላይ ሲወርድ እንደ ዳክዬ ቀለል ብሎ ተቀመጠ። ጋሽ ኡስማን ዞር አድርገው ሞከሩትና ተመለሱ፤ ገመዱንም ለከድጃ ሊሰጧት ዘረጉ። ከድጃ አልተቀበለችም።

“እሷ ትሰር” አለች።

“አልችልም” አልሁ።

“መፍታት የቻልሽ?”

ተንበርክኬ ከሾላው ሥር ጋር ለማሰር ሞከርሁ። ማተቤ ላይ እንደ ቋጠርሁት ያለ እብጠት ሆነ። ከድጃ ከንፈሯን መጥጣ አጠገቤ ተቀመጠችና ገመዱን ከእጄ ወሰደች። “ይህን በታች ታሳልፊያለሽ፤ ትዞሪያለሽ፤ አትቸኩዪ፤ አሁን ሳቢ።” ሦስት ጊዜ አሳየችኝ። በአራተኛው ያዘልኝ። እሷም ጣቷን አስገብታ ስባ ሞከረችውና ሄደች።

በማግሥቱ በሆሳዕና፣ ግንባራችን ላይ ዘንባባ አስረን፣ በሰልፉ መጨረሻ ቆምሁ።

“ታንኳው አለቀ?” አሉኝ መምሬ።

“አለቀ አባ።”

“ተንሳፈፈ?”

“ተንሳፈፈ።”

“እግዚአብሔር ይፍታሽ” አሉኝ። መስቀሉ በፀሐዩ ሞቆ ነበር። ከግንባሬ ሲነሣ፣ ውሃው ላይ ሲወርድ እንዳየሁት ታንኳ ቀለለኝ።

ከዚያ በኋላ ባሉት ወራት ጧት ጧት እየሄድሁ ከከድጃ ጋር ታንኳውን አስራለሁ። አንዳንድ ቀን እሷ ታስራለች፤ አንዳንድ ቀን ለእኔ ትሰጠኛለች። እኔ ባሰርሁ ቁጥር ግን ጥቂት ሄደን ትቆምና ተመልሳ ታየዋለች። ክረምት አልፎ ትምህርት ሲከፈትና ወደ ዴስካችን ስትመለስ እንኳ ይህን አልተወችም። ቅር አላለኝም። አፉ ተብያለሁ፤ ጥርሴ ግን በገመዱ ላይ ያለፈ ጥርስ ነው።

ባለፈው ወር ሻንጣዬን ይዤ ዳር ላይ ቆሜ ሳለሁ፣ ከሾላው በኩል “አንቺ ገመድ በል! መቼ መጣሽ?” የሚል ድምፅ ሰማሁ። ከድጃ ናት። አባቷ አርጅተው ከቤት ስለማይወጡ ዓሣውን የምታጠምደውም የምታስረክበውም እሷ ሆናለች፤ በክንዷ ሙሉ ቅርጫት አንጠልጥላለች። ተቃቀፍን፤ ቅርጫቱ መሐላችን ተንጠለጠለ። ደንበኞቿ መንገዱ ላይ እየተጣሩ ነበር።

“እንኪ፣ ይህን እሰሪልኝ” ብላ የታንኳውን ገመድ እጄ ላይ ጣለችና ወደ መንገዱ ወጣች።

ተንበርክኬ አሰርሁት። በታች አሳለፍሁ፣ ዞርሁ፣ አልቸኮልሁም፣ ሳብሁ። ቀና ስል ከድጃ ከዓሣ ገዢዎቹ ጋር እየተከራከረች ነበር። ትቆማለች፣ ትመለሳለች ብዬ ጠበቅሁ። አልዞረችም።

እኔ ግን ሻንጣዬን አንሥቼ ጥቂት ከሄድሁ በኋላ ሁለት ጊዜ ተመልሼ አየሁት።